ቅቤ የተቀባው ማሽላ

አለቃዬ ደውሎ «የእናትሽ ማሽላ አልሆነም፤ ናሙናው ተበላሽቷል፣ ተዪው» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለው የእናቴ ቤት ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። እናቴ አጠገቤ ምስር እየለቀመች ጆሮዋን ወደ ስልኩ አቁማለች።

ማሽላው የሟች አባቴ ዘር ነው። ዝናቡ የከዳን ዓመት ለዘር ያስቀመጥነውን ሁሉ በላነው፤ የቀረው ከጣራው ሥር የተንጠለጠለ አንድ ዘለላ ብቻ ነበር። እናቴ እሱን አውርዳ ሰጠችኝና ወደምሠራበት የምርምር ቦታ ወሰድኩት። ጥቂት ፍሬ ተፈጭቶ ይመረመራል፤ ደህና ከሆነ የቀረው መስኖ ባለው ማሳ ተዘርቶ ይባዛና ለእናቴ ይመለሳል። ካልሆነ ቦታውን ለሌላ ዘር ይለቃል። ያንን እፍኝ እህል እኛው በዚህ ዝናብ ብንዘራው ደግሞ ለወፍም አይበቃም።

የኔ ሥራ ቆጠራ ነው። ማሽኑ የእህሉን ዲኤንኤ በጥቃቅን ቁርጥራጭ ያነባል፤ እኔ አር በሚባል የስታትስቲክስ ፕሮግራም እያንዳንዱ ቁራጭ ከማሽላ አሥር ክሮሞዞሞች በየትኛው ላይ እንዳረፈ እደምራለሁ። ዝናብ እኩል ሲዘንብ ሰፊው ማሳ ብዙ ጠብታ ያገኝ የለ? ክሮሞዞምም እንደዚያው ነው፤ ረጅሙ ብዙ፣ አጭሩ ጥቂት ይደርሰዋል። አለቃዬ ያየው የሁሉም ቁጥር እጅግ ማነሱን ነው። አብዛኛው ቁርጥራጭ ማሽላ ላይ ጨርሶ አላረፈም።

«እንዲህ በዋዛማ አልተወውም!» አልኩና ቁጥሩን ከየክሮሞዞሙ ርዝመት ጋር አያይዤ ግራፍ አወጣሁ። አሥሩም ነጥቦች ቀጥ ባለ መስመር ተሰለፉ። ጥቂት ናቸው እንጂ አልተዛቡም። ማሽላው ደህና ነው፤ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል ማለት ነው።

«እማ፣ ዘለላውን ስትሰጪኝ ምን አድርገሽበት ነበር?»

«ምን አደርገዋለሁ? ቅቤ ቀባሁት እንጂ!»

«ማሽላ ቅቤ ይቀባል እንዴ?»

«ወላሂ፣ አንቺስ ተምረሽ ተምረሽ! ከዚህ ቤት ሳይቀባ መንገድ የወጣ ማን አለ? አንቺን ለትምህርት ስሸኝሽ አናትሽን አልቀባሁሽም? ከአባትሽ የቀረኝ እሱ ነው፤ ደረቁን ልስደደው?»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እንባዬም ተከተለ። ቅቤ ውስጥ የላሟ ዲኤንኤ ይኖራል፤ ለማረጋገጥ የላም ክሮሞዞሞች ማነጻጸሪያ ከኢንተርኔት ማውረድ ነበረብኝ፤ ኔትወርኩም መብራቱም እየመጣ እየሄደ አንጀቴን አሳረረው። በመጨረሻ ስሞክረው፣ ማረፊያ ካጣው ቁርጥራጭ አብዛኛው ላም ላይ አረፈ፤ እዚያም እንደየርዝመቱ።

ሁለቱንም ግራፍ ለአለቃዬ ላኩለት። መልሶ ሲደውል ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር።

«በይ ፍሬው ታጥቦ እንደገና ይመርመር» አለ። «ከዚያ ይዘራል።»

እናቴ ይህን ስነግራት «አልሃምዱሊላህ!» ብላ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ሁለተኛውን ግራፍ አመለከተች።

«ይኼኛውስ ምንድን ነው?»

«እሱ ላሟ ናት።»

ቅቤው የቀይዋ ላማችን የመጨረሻ ቅቤ ነበር፤ በዚያው ድርቅ መኖ አጥታ ሞተችብን። እናቴ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው።

«ማሽላውን ትመልሱልኛላችሁ» አለች። «እሷንስ?»