በየአሥራ አንድ ሰከንዱ ቀጭ

የሞተ ሰው ቃል ቆርጠህ ጥለሃል ተባልኩ። አልቆረጥኩም። የተበደልኩት ይኸው ነው።

እንዲህ ያለኝ ደግሞ ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው ነው። በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጸሎት ቤቱ ጓሮ ባለችው ክፍል ለሕፃናት በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጬ ሀ ሁ ያልኩት እሱ ፊት ነው። በዕድሜ ያንሰኛል። አስተማሪ ነው፣ የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ባለውለታዬ ነው፤ አልክድም። ግን ሰው አንድ ጊዜ ስላስተማረህ ዕድሜ ልክህን የሚሰድብህ ከሆነ ነገሩ ይመራል።

ከፊደል በፊት የነበረኝ ጀርባ ብቻ ነው። ደርግ በወደቀ ሰሞን ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ከዚያ ወገቤ እንቢ ሲለኝ ጂንካ ገባሁና ገበያው ዳር በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ካሴት ማባዛት ጀመርኩ። ሁለት ካሴት የምትጎርስ ቴፕ ነበረችኝ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ያኔ እቆርጥ ነበር። በስድሳ ደቂቃ ካሴት ላይ ሰባ ደቂቃ ዘፈን አይገባም። ዘፈኑ መሐል የማቆሚያዋን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ትንሽ አሳልፌ እለቃታለሁ። ስጫናት ቀጭ ትላለች፣ ያቺ ቀጭ ካሴቱ ላይ ትቀራለች። ከኔ ካሴት የገዛ ሁሉ ቀጭ ሲል ከሰማ «እዚህ ጋ የተዘለለ አለ» ይላል። ይህን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። በኋላ የበላኝም ይኸው ነው።

ካሴት ሲሞት ሱቁን ዘጋሁ። ፊደሉንም ስለቆጠርኩ ደፈርኩና እቤቴ አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አደረግኳት። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ጭድ የታጨቀበት ኬሻ ደረደርኩ፣ ድምፁን ይውጣል። ዝናብ ከጣለ ሥራ የለም። ኮምፒውተር ገዛሁ፣ ካርድ ገዛሁ። ካርድ የምንለው ማይክ የሚሰካበትና ድምፁን ለኮምፒውተሩ የሚያቀብል ትንሽ ሳጥን ነው። ካርዴ ሁለት ማይክ ብቻ ነው የሚቀበለው። መዘምራን በሁለት ማይክ አይቀዱም። ስለዚህ አርባ ምንጭ ሄጄ ስምንት ማይክ የሚቀበል ያገለገለ ሳጥን አመጣሁ። እሱ በአንዲት ቀጭን ገመድ ከካርዱ ጋር ይገናኛል፤ ማይኩ ወደ ሳጥኑ፣ ሳጥኑ ወደ ካርዱ፣ ካርዱ ወደ ኮምፒውተሩ ያቀብላል። ችግሩ ሁሉ ከዚህ ቅብብል ነው የመጣው፤ ያኔ ግን አላወቅኩም።

ከጂንካ በላይ ባለው ቀበሌ መዝሙር የሚያወጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የአስተማሪው አባት ናቸው። ያወጧቸውን መዝሙሮች ሳይሞቱ ማስቀረት ፈለጉና አንድ ጠዋት በባጃጅ መጡ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ብርድ ነበር። ሦስት መዝሙር ከዘመሩ በኋላ ውኃ ጠጥተው ትንሽ አረፉ። ማይኩ እንደበራ ነው። ከዚያ እኔንም ሳያዩ እንዲህ አሉ፦

«ከቤቱ በታች ያለው የቡና ማሳ የልጄ ነው። የሴቷ። እናቷን ሦስት ዓመት ያስታመመች እሷ ናት። ለወንዶቹ የላይኛው ይበቃቸዋል።»

«አባ፣ ይህን ላጥፋው?» አልኳቸው።

«ለምን ታጠፋዋለህ? ቦታ ይይዛል?»

«ትንሽ ይይዛል።»

«ይያዛ።»

አራተኛውን መዝሙር ቀጠሉ። ማታ ሳዳምጠው ድምፁ ውስጥ አልፎ አልፎ ቀጭ የምትል ነገር ሰማሁ። የማዳመጫዬ ገመድ የላላ መሰለኝና አለፍኳት። ጥፋቴ ይህ ነው፣ ሌላ የለብኝም።

ሽማግሌው በሁለተኛው ወር ሞቱ። ታላቁ ልጅ፣ አስተማሪው፣ ሁሉንም ማሳ ያዘ። በአገሩ ልማድ ሴት ልጅ መሬት ስትጠይቅ አያምርም፤ እሷ ግን ጠየቀች። እኔ ጋ መጣች።

«ጋሼ፣ አባቴ እርስዎ ቤት የተናገረውን ነግሮኛል። አለ ወይስ ጠፋ?»

«አለ።»

«ሽማግሌ ፊት ያሰሙልኛል?»

«አሰማለሁ» አልኳት። ኮምፒውተሬንና ድምፅ ማጉያዬን ይዤ ወጣሁ።

ከቤታቸው ደጅ ማንጎ ሥር አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ጎረቤቱም ቆሟል። ከፈትኩት። የሞቱት ሰው ድምፅ ሲሰማ አንዳንዱ አቀረቀረ። «ከቤቱ በታች ያለው የቡና ማሳ» አሉ ሽማግሌው። ቀጭ። «የልጄ ነው። የሴቷ።»

ልክ እዚያ ላይ ነው የወደቀችው። አስተማሪው ተነሣ።

«ሰማችሁ? ተቆርጧል። አባቴ የቡና ማሳ ካለ በኋላ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ከሌላ ቦታ አምጥቶ ለጥፎበታል።»

«አልለጠፍኩም» አልኩ።

«ታዲያ ቀጭ ያለው ምንድን ነው?»

ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ ድሮም ይቆርጣል፣ የኔን ካሴት ሦስት ዘፈን በልቶብኛል» አለ። ሳቁ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። አስተማሪው ጨመረበት፦ «ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ አቅሙን አውቀዋለሁ። ኮምፒውተሩን ማን አስተማረው? ያላወቀውን ሲነካካ ነው።»

ቃሉ አይታመንም ተባለ። ማሳው ሌላ ማስረጃ እስኪመጣ በታላቅየው እጅ እንዲቆይ ወሰኑ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ዕቃዬን እስከ መንገዱ ድረስ ተሸከመችልኝ። ስንለያይ፣ «ጋሼ፣ ቆርጠዋል እንዴ?» አለችኝ። እሷም ጠየቀችኝ። ከሁሉም ያ ነው ያንገበገበኝ።

ከዚያ በኋላ መዘምራኑም ቀሩ። ለቆራጭ ማን ይዘምራል? እኔም ማልኩ፤ ይህቺን ቀጭ ከየት እንደመጣች ሳላውቅ አልሞትም።

መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርኩ። የጂንካን መብራት የማይጠረጥር የለም። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬ በባትሪው ብቻ ቀዳሁ። ቀጭ። የማይክ ገመዶቹን አንድ በአንድ ቀየርኩ። ቀጭ። ኮምፒውተሩ ደክሞት ይሆናል ብዬ ሌላውን ሥራ ሁሉ ዘጋሁበት፣ ድምፁን ተረጋግቶ እንዲቀበል ጊዜ የሚሰጠውን ቁጥር ከፍ አደረግኩለት። ቀጭ። ማይኩን ሳጥኑ ላይ መሰካት ትቼ በቀጥታ ካርዱ ላይ ሰካሁት። ዝም አለ። ግማሽ ቀን ቀዳሁ፣ ዝም። ወደ ሳጥኑ መለስኩት፤ ቀጭ። እንግዲህ ካርዱ ለብቻው ደህና ነው። የሚጣሉት ሁለቱ ሲገናኙ ነው ማለት ነው።

ደብተር አወጣሁና የሽማግሌውን ቅጂ ከመጀመሪያው ከፈትኩ። ቀጭ ባለች ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚያሳየውን ሰዓት ጻፍኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ እጄ ቀርፋፋ ነው። ስጨርስ ዓምዱን አየሁት። ከአንዷ ቀጭ እስከ ሌላዋ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። መዝሙር ላይም አሥራ አንድ፣ ዝምታ ላይም አሥራ አንድ፣ ውኃ ሲጠጡም አሥራ አንድ። ካሴት ስቆርጥ ኖሬያለሁ፣ ሰው እንዴት እንደሚቆርጥ አውቃለሁ። ሰው በሰዓት አይቆርጥም።

ደብተሩን ይዤ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሳለ ቀይ አፈር ትዝ አለኝ። የሳሙና ካርቶን ከመኪና ስናወርድ አንዱ ከላይ ያቀብላል፣ አንዱ ከታች ይቀበላል። ሁለቱም ጎበዝ ናቸው፣ ሁለቱም እኩል የሚሠሩ ይመስላሉ። ግን የላይኛው በጥቂቱ፣ በዓይን በማይታይ ጥቂት ይፈጥናል። ሃምሳው ካርቶን በሰላም ይወርዳል። ቀጣዩ ላይ የታችኛው እጁን ሳይመልስ ካርቶኑ ይመጣበታል፤ መሬት ላይ ጧ ይላል። ከዚያ እንደገና ሃምሳ በሰላም፣ እንደገና ጧ። አለቃችን ይህን ሲያይ የላይኛውን «ቁጠር» ይለዋል፣ የታችኛውን «አንተ የራስህን ተውና በእሱ ቁጥር ሂድ» ይለዋል። ከዚያ አይወድቅም።

ገባሁና በኮምፒውተሩ ላይ የካርዱን ገጽ ከፈትኩ። የእንግሊዝኛ ነው። የፈረንጁን ፊደል የማነበው አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ። አንዱ ቃል «ሰዓት» ማለት ሆኖ ተገኘ። ከጎኑ «የውስጥ» የሚል ተመርጧል። ሳጥኑም ላይ እንዲሁ የምትመረጥ ነገር አለች፣ እሷም «የውስጥ» ላይ ነች። በቃ። ሁለቱም በየራሳቸው ሰዓት ነው የሚሠሩት። አለቃ የለም። ገመዷ ከሳጥኑ ወደ ካርዱ ስለምትሄድ ካርዱ ሳጥኑን እንዲከተል «የውጭ» የሚለውን መረጥኩለት። ሬዲዮ ከፍቼ ማይኩ ፊት አስቀመጥኩና አንድ ሰዓት ቀዳሁ። አንድ ሰዓት አዳመጥኩ። አንዲት ቀጭ የለችም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። አሁን መጥራቱ ግን ለሽማግሌው ቃል አይመሰክርም። ስለዚህ ያስተካከልኩትን መልሼ አበላሸሁት። ካርዱን ወደ «የውስጥ» መለስኩና ሽማግሌዎቹን እቤቴ ጠራሁ።

ቅዳሜ ነበር፤ ለገበያ ሲወርዱ ነው ያገኘኋቸው። አምስቱም መጡ። ልጅቷ መጣች። አስተማሪው ሊቀር ይችላል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን መጣ። ሊስቅብኝ ነው የመጣው። ደብተሬን አንስቶ አየና፣ «ስድስትህ አሁንም የተገለበጠ ነው» አለኝ።

«ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አልኩት።

አንዱ ሽማግሌ ፈገግ አለ። አስተማሪውን ማይኩ ፊት አስቀመጥኩት።

«ከአንድ እስከ መቶ ቁጠር። ሳታቋርጥ።»

«እኔ ነኝ የምቆጥረው?»

«ታዲያ እኔ ብቆጥር ታምናለህ?»

ቆጠረ። በክፍል ውስጥ እንደሚቆጥረው፣ ቃሉን እያጠራ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ፣ ሁሉም እንዲያየኝ። ሲጨርስ፣ በየአሥራ አንድ ሰከንዱ ቀጭ ይላል ብዬ አንዱን ሽማግሌ የእጅ ሰዓቱን አስይዤ አሰማኋቸው። ሰባት ላይ ቀጭ አለ። ቀጥሎ አሥራ ስድስት ላይ፣ ከዚያ ሃያ አምስት ላይ። ሠላሳ አራትን ሲል «ሠላ» እና «ሳ» መሐል ቀጭ አለ። ቁጥሩ ግን ሁሉም አለ፣ አንድም አልጎደለም።

ሰዓት የያዘው ሽማግሌ ቀና አለ። «ይሄ በዘጠኝ ሰከንድ ነው።»

አስተማሪው ያዘው። «አሥራ አንድ አላልክም? ዛሬ ዘጠኝ ሆነ?»

«ቆርቆሮው ላይ እጅህን አድርግ» አልኩት። «ፀሐይ ነው። ሳጥኖቹ ሲሞቁ ሰዓታቸው ይበልጥ ይራራቃል። ያንተ አባት የመጡት በብርድ ጠዋት ነው። ካላመንክ ነገ ማልደህ ና፣ አብረን እንለካ።»

ከአምስቱ ትልቁ ሽማግሌ ተናገሩ። «ዘጠኝም ይሁን አሥራ አንድ፣ ሌባ ሰዓት እያየ ይቆርጣል እንዴ? ደግሞ የአንተን ቁጥር ማን ቆረጠው? አጠገባችን ነው የቆመው። ልጄ፣ ቀጭ ሲል ከቃሉ ምን ያህል ይጠፋል?»

«ካርዱ የአንድ ሰከንድ ድምፅ በአርባ ስምንት ሺህ ቅንጣት ከፋፍሎ ነው የሚቀበለው፣ አባ። በአሥራ አንዱ ሰከንድ ውስጥ ከዚያ ሁሉ አንዷ ብቻ ትወድቃለች።»

«አንዷ?»

«አንዷ።»

ካርዱን «የውጭ» ላይ አደረግኩት። አስተማሪው ሳልነግረው እንደገና ቆጠረ። ስናዳምጠው ጠርቶ ወጣ። ቀጥሎ የአባቱን ቃል ከፈትኩና ሰዓቱን ለራሱ ሰጠሁት። አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ እያለ ሲለካ ቆይቶ «የቡና ማሳ» ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቀጭ። አሥራ አንድ ነበር። ሰዓቱን ለባለቤቱ መለሰ።

«የልጄ ነው፣ የሴቷ» አሉ ሽማግሌው ከድምፅ ማጉያው።

ማሳው የልጅቷ ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹ ሊነሡ ሲሉ፣ «ቆዩ፣ የኔ አላለቀም» አልኩ። ደብተሬን ከፍቼ ከእስክሪብቶ ጋር ለአስተማሪው ሰጠሁት።

«ምን ልጻፍ?»

«አልቆረጠም ብለህ ጻፍ።»

«ሁሉም ሰምተዋል እኮ።»

«ያኔም ሁሉም ሰምተዋል። ጻፍ።»

ጻፈ። ይቅርታ አላለኝም፣ እስከ ዛሬም አላለኝም። ደብተሩን ተቀብዬ በሽማግሌዎቹ ፊት ጮክ ብዬ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ አ-ል-ቆ-ረ-ጠ-ም። ልጅቷ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ደብተሩ። መልሼ ሰጠሁትና፣ «ከሥሩ ቀኑን ጻፍበት» አልኩት። በዚያ በሚያምር እጁ ጻፈው፦

ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም.