የእትዬ አሻ ባለ ክር ዶሮዎች

ባለፈው ሰሞን ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ጎረቤቴ የዱቄት ወተት ጣሳ ታቅፋ ስትወጣ፣ የጣቷ ቀለበት ጣሳውን ቋ ቋ ቋ ሲያደርገው ሰማሁና ባለሁበት ቀጥ አልኩ። «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ዶሮዎቹ ሊመጡ ነው ብዬ ነው ልበላት? «ደህና ነኝ» ብዬ አለፍኩ፤ ልቤ ግን ድሬዳዋ፣ የልጅነት ጓሯችን ገብቶ ነበር።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነበር የምንኖረው። አባቴ ባቡር ጋራዥ ይሠራል፣ እናቴ ወርቅነሽ ደግሞ ዶሮ ታረባለች። ከቆርቆሮ አጥራችን ወዲያ የምትኖረው ሱማሌዋ እትዬ አሻም ዶሮ ነበራትና፣ አጥሩ ሥር ባለችው ቀዳዳ የሁለቱ ቤት ዶሮዎች ሲወጡ ሲገቡ ውለው፣ አንድ ላይ ጭረው፣ ቀትር ላይ ደግሞ ምንቃራቸውን ከፍተው ኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አብረው ያለከልኩ ነበር። መታረዱ ላይ ሲደርስ ግን መለየት ነበረባቸው፤ እኛ እነሱ ያረዱትን አንበላ፣ እነሱም እኛ ያረድነውን። ስለዚህ እትዬ አሻ በዶሮዎቿ እግር ላይ ቀይ ክር ታስር ነበር። የእሷ ዶሮ የእኛን እንቁላል ታቅፋ ስትፈለፍልስ? እሱንም ሁለቱ ሴቶች አጥር ላይ ቆመው ተማክረው ፈርደውበታል፤ ጫጩቱ የሚሆነው ለታቀፈችው ዶሮ ባለቤት ነው ብለው። ክር ማሰሩ የእኔ ሥራ ሆነና፣ ጫጩቶቹ እግራቸው በወፈረ ቁጥር እየፈታሁ አላልቼ አስርላቸው ነበር። አባቴ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ባለ ክሮቹን እያየ «እነዚህስ ጾም የለባቸው፣ ታድለው!» እያለ ያስቀን ነበር።

የሱማሌ ጦርነት የመጣብን በክረምት ነው። ወደ ሁርሶ ጦር ሰፈር የሚመላለሰው የወታደር መኪና በዛ፣ ሰው በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ፣ ሱማሌ ጎረቤቶቻችንን የሚያየው ዓይን ተለወጠ። የእትዬ አሻ ባል ጅቡቲ ስለነበር፣ ባቡሩ ሳይቋረጥ ልጆቿን ይዛ ልትሄድ ቆረጠች። ጓዟን ሸክፋ መጣችና፣ «ወርቅዬ፣ ዶሮዎቼን አደራ፤ እንቁላሉን ልጆችሽ ይብሉት። ዘራቸውን ብቻ እንዳታጠፊብኝ። የእናቴ ዶሮዎች ዘር ናቸው፤ ወላሂ፣ ከእሷ የቀረኝ ሌላ ነገር የለኝም» አለቻት። እናቴም «የአንቺን አደራ በልቼ የት ልገባ! ሂጂ፣ በሰላም ግቢ» ብላ አቀፈቻት፤ ሁለቱ ሲያለቅሱ እኔም ምኑም ሳይገባኝ አለቀስኩ።

ጉዱ የፈላው የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ነው። ባለ ክሮቹ በቀዳዳዋ ሾልከው ወደ ታሸገው ግቢያቸው ሄዱና ግንቡ ላይ ተሰልፈው ሰፈሩ። እናቴ ጠራች፣ ማሽላ በተነች፣ ሲብሳትም ተሳደበች፤ ማን ሰምቷት! ሰዓት እላፊው እየደረሰ ነው፣ ሸለምጥማጥ ደግሞ ሰዓት እላፊ አያውቅም። እትዬ አሻ ዶሮዎቿን የምትጠራው በአፏ አልነበረም፤ ማሽላ የያዘ ጣሳ አንስታ ቂጡን በቀለበቷ ትመታው ነበር። ይህ ትዝ ሲላት እናቴ ጣሳ አምጥታ በማንኪያ ሞከረች፣ ንቅንቅ የሚል ጠፋ። በመጨረሻ የጋብቻ ቀለበቷ ያለበትን ጣቷን አጥፋ ቋ ቋ ቋ ስታደርገው፣ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው፣ እየተገፈታተሩ በቀዳዳዋ ጎረፉ። «ወይ እናንተ! ወርቅ ካልሰማችሁ አትመጡም?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ የእኛንም የእሷንም በዚያው ስለምትጠራ፣ ክር የሌላቸው የእኛዎቹም ለመዱት። አንድ የቀበሌ ጥበቃ አንድ ቀን ብቅ ብሎ «ይሄ የሱማሌዋ ምልክት አይደል? ለማን ነው የምትመቺው?» ሲላት፣ «ለዶሮ! ከፈለግክ ግባና አብረሃቸው ልቀም» አለችው። እሱ ስቆ ሄደ፤ እናቴ ግን ተከትላ ወጥታ በሩን ቀረቀረችው።

በጋው አልፎ ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል ስለማንበላ እናቴ የተጠራቀመውን ሁሉ አስታቀፈችው። ለፋሲካ ግን የእኛን አውራ ዶሮ ሸለምጥማጥ በልቶት፣ በጦርነቱ የተነሳ ገበያውም ዶሮ አልባ ሆኖ፣ ጓሮው ውስጥ የቀረው አውራ የእትዬ አሻ ባለ ክሩ ቀይ ብቻ ነበር። አባቴ ዋዜማውን ሙሉ ሲያየው ዋለና፣ «ወርቄ፣ ሴትዮዋ ትምጣ አትምጣ አይታወቅም። ክር መበጠስ ነው እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለው?» አላት። እናቴ ሽንኩርቷን አስቀምጣ ብድግ አለችና፣ «በል ካራህን ሳል! መጀመሪያ ግን እኔን እረደኝ» አለችው። ፋሲካን በእንቁላል ወጥ ፈሰክን። አውራው ዶሮ ደግሞ አያፍርም፣ አጥሩ ላይ ወጥቶ እየጮኸ የአባቴን አንጀት ያሳርረው ነበር።

ዝናቡ ሲመጣ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገባ። ጠዋት ደህና የነበረች ዶሮ ከሰዓት አንገቷን ጠምዝዛ ትወድቅ ነበር። የእኛዎቹ አለቁ፣ ባለ ክሮቹም ተከተሉ፣ ያ ቀይ አውራም አንድ ጠዋት ቆጡ ሥር ደርቆ ተገኘ። ከዚያ ሁሉ የቀረችው በሁዳዴ ከተፈለፈሉት አንዲት ቄብ፣ የዚያው አውራ ልጅ፣ ክሬ እግሯ ላይ ያለባት ብቻ ነበረች። እናቴ ቤት አስገብታ በቅርጫት አልጋ ሥር አስተኛቻት። ነጭ ሽንኩርት በውኃ አሽቶ ምንቃሯን ፈልቅቆ ጠብ ጠብ ሲያደርግላት የሚያመሸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባቴ! «ያን አውራ አርጄው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህቺን በምን ዓይኔ አያት ነበር? እንኳን ከለከልሽኝ» ሲላት፣ እናቴ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። «አሻ ብትመጣ ምን እላታለሁ? ይህቺም ከሞተች ምን እላታለሁ?» ትል ነበር።

ቄቧ አልሞተችም። ጥቅምት ላይ ጣለች፣ በዓመቱ የሰፈር አውራ ተገኝቶላት ታቀፈች፣ ጫጩቶቿም በተራቸው ታቀፉ፤ ክሩንም እኔ ማሰሬን ቀጠልኩ። ሰላም ሲሆንና ባቡሩ ሲመለስ፣ እኔም ቁመቴ እናቴን ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን እትዬ አሻ ከስታ፣ ጠቁራ በራችን ላይ ቆመች። ቤቷን ቀበሌ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። እናቴ ካቀፈቻት በኋላ ጣሳውን አምጥታ ሰጠቻት። እትዬ አሻ ቀለበቷን ጣሳው ላይ ቋ ቋ ቋ ስታደርገው፣ ዓይኗን አይተው የማያውቁ ዶሮዎች ከኒሙ ሥር፣ ከቆጡ ላይ፣ ከየጥጉ ክንፋቸውን ዘርግተው እየሮጡ መጥተው ከበቧት። መሬት ላይ ቁጭ አለች። የሁሉም እግር ላይ ክር ነበር።

«ወርቅዬ፣ ያንቺዎቹስ?»

«የእኔዎቹ አልቀዋል። እነዚህ ሁሉ ያንቺ ናቸው።»

«ያ አላህ! አንቺ ሴት!» አለችና አንዷን ዶሮ ብድግ አድርጋ ክሯን በጥርሷ በጠሰችው። የተከራየችው ክፍል ጓሮ ስላልነበረው ዶሮዎቹ እኛ ጋ ቀሩ፤ እሷ ግን አመሻሽ ላይ ትመጣ ነበርና፣ አንዳንዴ ሁለቱ ተያይተው በአንድ ጊዜ ጣሳ ሲመቱ፣ ዶሮዎቹ የቱ ጋ እንደሚሮጡ ጠፍቷቸው ሲዞሩ፣ እንደ ልጃገረድ ይንከተከቱ ነበር።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። የእናቴ ቀለበት እኔ ጣት ላይ ነው፤ በጣሳ ተበልቶ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኗል። ወርቅ ሠሪው «ላቃናልሽ» ሲለኝ «እንዳትነካው!» አልኩት። ያቺ ጣሳ የያዘችው ጎረቤቴ ስሟን እንኳ አላውቀውም፤ እሷም የእኔን። በሮቻችን ፊት ለፊት ናቸው፣ ከቤት ስንወጣ ሁለታችንም ሁለት ጊዜ ቆልፈን፣ እጀታውን ስበን አይተን ነው የምንሄደው። ያኔ በእኛና በእትዬ አሻ መካከል አጥር ነበረ፣ ሥሩ ግን ዶሮ የምታህል ቀዳዳ ነበረችው።