ድምፅ በእጅ ሲቆጠር ያየሁ ጊዜ

አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ስሰጥ ዜግነት ካገኘሁ አምስት ወር እንኳ አልሞላኝም ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር የሁለት ሺህ ስምንቱ ምርጫ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለ ፕሬዚዳንቱ ብቻ የሚያወራበት። የምንኖረው ሚኒሶታ ውስጥ አፕል ቫሊ የምትባል ከተማ ስለነበር ጣቢያችን ከአፓርትማችን ትንሽ አለፍ ብሎ የሚገኝ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር። በሥራ ልብሴ ሄድኩ። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባል፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ሕፃኗን በጋሪ ይዛ ትጠብቃለች። የኔ ዓይን የሚፈልገው ወታደር ነው። በሩ ጋ የለም፣ መኪና ማቆሚያው ላይም የለም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሳላይ ተራዬ ደረሰ።

ስሜን መዝገብ ላይ አግኝታ ያስፈረመችኝ ሴት ወረቀቱን ሰጠችኝና «ከስሙ ጎን ያለችውን ክብ ሙሉ በሙሉ አጥቁሪያት» አለችኝ። ገብቶኛል። የፕሬዚዳንቱን ክብ እንደ ተማሪ ፈተና ጥንቅቅ አድርጌ አጠቆርኩ። ከዚያ ወደ ሴናተሩ ወረድኩ። ለማን እንደምሰጥ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ፤ ግን ልቤ ይመታ ነበርና እጄ በለመደው ሄዶ ክቧ ላይ ኤክስ አደረገ። አገር ቤት የማውቀው ምልክት እሱ ነው። ምንም ሳይታወቀኝ የቀረውን ሞልቼ ጨረስኩ፤ ድምፅ ቆጣሪው ማሽንም ወረቀቱን ሳብ አድርጎ ዋጠው። መርጫለሁ የሚል ቀይ ተለጣፊ ሰጡኝ፣ ኮቴ ላይ ለጥፌ ወጣሁ። መንገዱን ተሻግሬ ቤቴ ልገባ ስል ነው ያቺ ኤክስ ዓይኔ ላይ ድቅን ያለችው።

ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። «ማሽን ምን ያውቃል ብለሽ ነው? ተጥላለች በያት» አለኝ።

እሱ ከኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ ዜጋ ሆኗል። ኤርፖርት ታክሲ ነው የሚሠራው፤ የዚያን ቀን ግን እረፍት ነበረው፣ ጣቢያውም አፍንጫው ሥር ነው። አልሄደም። ስንፍና አይደለም። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሙሉ ቀን ተሰልፎ ነበር የመረጠው። በስልክ ሲነግረን ድምፁ ራሱ የሠርግ ነበር። ከዚያ ቆጠራው አከራከረ፣ ክርክሩ መንገድ ላይ ወጣ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ወንድሜን ከሰፈሩ ልጆች ጋር አፍሰው ሁለት ወር አሰሩት። እኛ እዚህ ያለነው ደብዳቤ ጻፍን፤ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ፊርማ አሰባስበን ሴንት ፖል ወደ አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ቢሮ ሄድን። ደብዳቤውን የያዘው ባለቤቴ ነበር። አንዲት ወጣት ተቀብላን ውሃ ሰጠችን፣ ያልነውንም አንድ ሳታስቀር ጻፈች። ከወር በኋላ ስለ ሐሳባችሁ እናመሰግናለን የሚል ወረቀት በፖስታ መጣ። ሌላ የመጣ ነገር የለም። የአሜሪካና የኢትዮጵያ መንግሥታት እንደተወዳጁ ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ራዲዮ ላይ ስለ ምርጫ ሲወራ ጣቢያ ይቀይራል።

በማግስቱ ጥዋት ሥራ ገባሁ። ሥራዬ ሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነበር፤ በዚያ ዓመት በብዛት የምሄደው እዚያው አፕል ቫሊ የሚኖሩ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴትዮ ጋ ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከዊልቸር አይወርዱም። ዳሌያቸው እስኪሰበር ድረስ ግን ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል በየምርጫው ጣቢያ ላይ ተቀምጠው ያስመረጡ ሰው ናቸው። ካልሲያቸውን እያጠለቅኩላቸው ጠየቅኳቸው።

«ክቧን ሳላጠቁር ኤክስ ባደርግባትስ?»

«ማሽኑ ላያያት ይችላል» አሉ። «ሰው ካያት ግን ትቆጠራለች። የመራጩ ሐሳብ ከታወቀ ድምፁ ድምፅ ነው፤ የሚኒሶታ ሕግ እንደዚያ ይላል።»

«ሰው መቼ ያያታል?»

«ተወዳዳሪዎቹ በድምፅ በጣም ካልተቀራረቡ ማንም አያያትም» አሉና ሪሞቱን አንስተው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመሩ። የሴናተሩ ውድድር ገና አልለየለትም ይላል። ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሰው መርጦ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት መቶ ነው። ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩኝ። «ይኸው፣ ሰው ሊያያት ነው» አሉ።

እሳቸው የመረጡት አንደኛውን ነው፣ እኔ ሌላኛውን። ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገርንበትም።

ከታንክስጊቪንግ በዓል በፊት ባለው ሳምንት በየካውንቲው፣ በየወረዳው እንደማለት ነው፣ ድምፁን እንደገና በእጅ መቁጠር ተጀመረ። ሴትዮዋ ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል አሉኝ።

«ማንም ሲሉ?»

«ማንም ማለት ማንም ነው። አንቺም። የሚያደርሰኝ ፈልጊና አብረን እንሂድ።»

የባለቤቴ ታክሲ ቫን ስለነበር ዊልቸሩን አጥፎ ይይዛል። እሺ አለ፣ ግን አይገባም፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቀናል። እኔ ሴትዮዋን እየገፋሁ ገባሁ። በር ላይ የቆመው ሰው መታወቂያ አልጠየቀኝም፣ ከየት መጣሽም አላለኝም። ዊልቸሩን አይቶ ከፊት ቦታ ለቀቀልን።

አዳራሹ ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። በየጠረጴዛው መሀል የካውንቲው ሠራተኛ ተቀምጣ ወረቀቶቹን ከታሸገ ሳጥን ታወጣለች፤ በግራና በቀኟ የሁለቱ ተወዳዳሪዎች ታዛቢዎች አሉ። አንዷን ወረቀት አንስታ ለሁለቱም ታሳያለች። ከዚያ ከሦስቱ ክምር ባንዱ ላይ ታኖራታለች፦ የዚህኛው፣ የዚያኛው፣ የሌላ። ሌላዋን ታነሳለች። እንዲህ እያለች የአንድ ከተማ ሰው ሁሉ በእጇ ያልፋል። ከወረቀቱ ኮሽታ በቀር ምንም አይሰማም። እኔ ደግሞ በዚያ ወረቀት ላይ ስንት ዓይነት ሰው እንዳለ አስባለሁ፤ ጋዜጣ ያነብ የነበረው ሽማግሌ፣ ባለጋሪዋ እናት፣ ጎረቤት ከተማ ብሉሚንግተን የሆቴል አንሶላ ስትቀይር ውላ የመጣች እንደኔ ስደተኛ የሆነች ሴት። ማንኛዋም ወረቀት ከሌላዋ ረዘም ላለ ጊዜ አልታየችም፣ አጠር ላለም አልታየችም።

አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየን እኛ ፊት ያለችው ሠራተኛ እጇ ቆመ። ወረቀቷን ከፍ አደረገች። ሴናተሩ ላይ ኤክስ ነው።

የኔ ናት አልልም። የኔ ጣቢያ ሳጥን የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ግን የዊልቸሩን እጀታ ጥብቅ አድርጌ ጨበጥኩ።

«ቻሌንጅ አደርጋለሁ፣ ይህን ድምፅ እቃወማለሁ» አለ የቀኙ ታዛቢ። «ሌሎቹን ክቦች በትክክል ሞልቷል። ይህንን ሰርዞት ሊሆን ይችላል።»

«ሐሳቡ ግልጽ ነው» አለ የግራው።

አበቃ፤ ሌላ ቃል የለም። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሠራተኛዋ ቁጥር ሰጠቻት፣ ምክንያቱን ጻፈች፣ ለብቻዋ አኖረቻት።

ወደ ሴትዮዋ ጆሮ ጎንበስ ብዬ «ወዴት ሊወስዷት ነው?» አልኩ።

«ሴንት ፖል። ዳኞች የተቀመጡበት ቦርድ ያያታል።»

«ያቺን አንዷን ወረቀት?»

«አንዷን ወረቀት።»

ቀና ስል ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሟል። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። መኪናው ውስጥ በረደኝ አለ። ከዚያ በኋላ ለምሳ እስኪነሱ ድረስ ከዚያች ቦታ አልተንቀሳቀሰም። ምሳ ሰዓት ሲሆን ያ የቀኙ ታዛቢ ያስለው ስለነበር የግራው ከኪሱ የሳል ከረሜላ አውጥቶ ሲሰጠው አየን። ባለቤቴ ክርኔን ነካ አደረገኝ።

«አላየሽም?» አለኝ ሹክ ብሎ። «ታዛቢዎቹ ወረቀቷን አንዴም አልነኳትም። ሲያዩ ዋሉ እንጂ እጃቸውን አልዘረጉም።»

በመልሱ መንገድ መብራት ላይ ስንቆም ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ ባማርኛ «ለራሳቸው ድምፅ ሲሆን እንዲህ ነው የሚጠነቀቁት። የኛ ጊዜ ግን ደብዳቤያችንን ተቀብለው ዝም አሉ» አለ። ሴትዮዋ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። እኔ ልሸፋፍነው ስል እሱ ራሱ በእንግሊዝኛ ነገራቸው፤ የወንድሜን ሰልፍ፣ እስሩን፣ ሴንት ፖል ያደረሰውን ደብዳቤ። ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ።

ቤታቸው ደረስን። ሴትዮዋ ሊወርዱ ሲሉ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚህን ሰፈር ሳጥን ስጠብቅ ኖርኩ» አሉት። «መንግሥቴ ሌላ አገር ስላለ ሳጥን ምን እንደሚል አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ ነበረብኝ።»

ባለቤቴ ዊልቸሩን ዘርግቶ እስከ ሳሎናቸው ድረስ ራሱ ገፋቸው።

ዲሴምበር ላይ ቦርዱ ሴንት ፖል ተሰይሞ ክርክር የተነሳባቸውን ወረቀቶች ሲያይ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ከሴትዮዋ ጋር ሾርባቸውን እያበላኋቸው እናያለን። አምስት ሰዎች ናቸው፣ አራቱ ዳኞች፣ ከነሱም ሁለቱ ከክፍለ ሀገሩ የበላይ ፍርድ ቤት የመጡ። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ጎንበስ ብለው አንድ ሰው በእስክሪብቶ የጫረውን ይመረምራሉ። ገርሞኝ የማያልቀው እዚሁ ተወልዶ አድጎ የተሳሳተው ሰው ብዛት ነው፤ ስም ያከበበ አለ፣ ጎኑ ላይ የጻፈ አለ፣ ከክቧ ወጥቶ የሞነጫጨረ አለ። እንደኔ ኤክስ ያደረገማ ስንቱ። በአንዲት ኤክስ ላይ ምርጫ ናት ወይስ ስረዛ እያሉ ተነጋገሩ፣ የቀረውን ወረቀት ገልብጠው አዩ፣ ሰውየው ሌላ ቦታም እንዲህ አድርጎ እንደሆነ ፈለጉ። ያንን ሰው አያውቁትም። ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ትናንት ዜጋ የሆነ ይሁን ከጥንት የነበረ አያውቁም። ግን ምን ሊል ፈልጎ ይሆን እያሉ ይጨነቁለታል። እኔ በሕይወቴ መንግሥት ምን ልል እንደፈለግሁ ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም። ሾርባው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ያቺን ኤክስ ቆጠሯት።

ቆጠራው ሲያልቅ ሴትዮዋ የመረጡት ሰው ከመሪነቱ ወርዶ ወደ ኋላ ቀረ። ደስ እንዳለኝ እንዳይታይብኝ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ጠሩኝ። «አትደበቂ» አሉኝ። «አልወደድኩትም። ግን ሲቆጠር ነበርኩ፣ አይቻለሁ።»

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ፍርድ ቤት ሄደና ለወራት ተንዛዛ። በረዶው ቀልጦ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ ሚኒሶታ አንድ ሴናተር ጎድሏት ቆየች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሱቅ አልተዘጋም፣ ትምህርት ቤት አልተዘጋም፣ ባለቤቴ ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ አንድ ቀን መንገድ ተዘግቶበት አላወቀም። ጁን መጨረሻ ላይ የበላይ ፍርድ ቤቱ ወሰነ። የዚያኑ ዕለት የተሸነፈው ሰው ከቤቱ ደጅ ወጥቶ መሸነፉን ተቀበለ፣ ላሸነፈውም መልካም ተመኘለት።

በማግስቱ ጥዋት አዲስ አበባ ለወንድሜ ደወልኩ፤ እሱ ዘንድ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ከዘጠና ሰባት ወዲህ ከሱ ጋር ስለ ምርጫ አውርተን አናውቅም፤ እሱም አያነሳ፣ እኔም እፈራለሁ። የዚያን ቀን ግን አላስቻለኝም። አዳራሹን፣ ወረቀቷን፣ ዳኞቹን ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«የተሸነፈው ሰውዬስ?» አለ በመጨረሻ።

«ደጁ ላይ ቆሞ ተሸንፌያለሁ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ቤቱ ገባ።»

«ማንም አልነካውም?»

«ማን ይነካዋል?»

በወንድሜ ስልክ ውስጥ መኪና ሲያልፍ፣ ሰው ሲጣራ ይሰማኛል፤ መንገድ ዳር የቆመ ይመስላል።

«እስኪ» አለኝ፣ «እንደገና ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ጀመርኩለት።