ኮስቲክ ሶዳ ያልበላው የአባቴ ቱቦ

ዛሬ ጎባ የድሮው ሳሙና ቤት ሲፈርስ፣ አባቴ በደርግ ጊዜ የበየደው ጥምዝ የብረት ቱቦ ሳሙና ይፈላበት ከነበረው በርሜል ውስጥ ወጣ። በመዶሻ መታሁት፤ እንደ ደወል ጮኸ።

ያኔ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሳሙና ሊሠራ ተነስቶ ነበር። ሳሙና የሚሆነውን የስብና የኮስቲክ ሶዳ ውህድ የሚያሞቀው፣ ውስጡ በተነከረ ቱቦ የሚያልፍ እንፋሎት ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ለቱቦው የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም መረጡ፤ አባቴ ጥቁር ብረት አለ።

«ኦቦ አማን፣ ለሴቶች ሲሆን ነው የሚዝግ ብረት?» አሉት ሊቀመንበሯ።

«ጓድ፣ አሉሚኒየም ውሃ ይችላል እንጂ ኮስቲክ አይችልም» አለና እዚያው ስብሰባው ላይ የቤታችንን የአሉሚኒየም ማንኪያና አንድ ሚስማር ትኩሱ ውህድ ውስጥ ነከረ።

ስብሰባው ሳያልቅ ማንኪያው አረፋ እየደፈቀ ተበልቶ እጀታው ብቻ ቀረ። ሚስማሩ እንደነበረ ወጣ። (የዚያን ጊዜ ስብሰባ ርዝመቱን የምታውቁ አትገረሙም።) ሊቀመንበሯም «በጥቁሩ ይሁን» ብለው አስወሰኑ።

ዛሬ ከሰዓት ቱቦውን ሮቤ ለአባቴ ወሰድኩለት። ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰና ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ይኸው፣ ማንኪያሽን በከንቱ አላጠፋሁም» አላት።

«እሱስ እውነት ነው» አለች። «ግን እስከ ዛሬ አልተካህልኝም።»

የእናንተስ አባቶች ልክ መሆናቸውን ለማሳየት ከቤት ምን አጥፍተዋል?