የፈላስፋው ጽዋ ለማን ይገባል

አይ፣ ምንም አልጨመርሁበትም። «አንተ ጎማ ነፊ፣ ስድስተኛ ክፍል የወደቅህ፣ ስለ ፈላስፋ ምን ታውቃለህ» የምትሉኝን እሰማለሁ። ስድስተኛ አልወደቅሁም፤ አምስተኛ ላይ ነው ያቆምሁት። ያልተፈተነ ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ይወድቃል? ደብረ ታቦር «ፈላስፋው» የሚላቸው አዛውንት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት የሚውሉት የኔ ጎሚስታ ቤት በር ላይ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከኔ ጋር ያወሩትን ያህል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከወጣው ጋር አላወሩም። «ስለማትከራከራቸው ነው» ትሉ ይሆናል። እከራከራቸው ነበር። አንዳንዴም አሸንፋቸው ነበር።

የሳቸው ቃል ይቺ ናት፦ «አይቶ ዝም ያለም አጥፍቷል።» እሳቸው ካረፉ ወዲህ ይቺን ቃል የማያነሳት የለም። የቀበሌው ሰዎች ስብሰባ ላይ «ጎረቤታችሁን አይታችሁ ዝም እንዳትሉ» ለማለት ይጠቅሷታል። ቀበሌውን የማይወዱት ደግሞ ያንኑ ቀበሌ ሊሰድቡባት ይጠቅሷታል። ሁለቱም ወገን «ፈላስፋው የኛ ነበሩ» ይላል። የማን እንደነበሩ እኔ ልንገራችሁ፤ የማንም አልነበሩም። ከሰዓት በኋላ ግን የኔ ነበሩ።

ወደ ነገሩ ልምጣ። የማርያም ማኅበር አለን፤ በየወሩ በየተራ ባንዱ ቤት እንጠጣለን። ስንጨርስ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል፣ እሱም በነጠላው ሸፍኖ ይዞት ይገባል። ማኅበርተኛ ሲሞት ልጁ ይተካል፣ አይሆንም ሲባል አይቼ አላውቅም። የፈላስፋው አንዲት ልጅ ከአረብ አገር የመጣችው አባቷ ከተቀበሩ በኋላ ነው። አፈር ሲለብሱ ስላልነበረች የሳቸውን ጽዋ መቀበልን እንደ ቀብሩ ነበር የምታየው።

የአባቷ ተራ የደረሰ ዕለት ሙሴያችን፣ ማለት የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ጽዋውን አንስተው ሊሰጧት ሲሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ቆይ» አሉ።

«በዚህ ጽዋ የዚያ ሰው ስም አይቀጥልም። ልጄን ያሳጣኝ የሱ ቃል ነው።»

ልጃቸው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ፣ ሊቀ መንበሩ ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ «አይቶ ዝም ያለም አጥፍቷል» ያለ ጊዜ ወስደው ጥቂት ቀን አስረውት ነበር። ሲፈታ አገሩን ለቆ ሄደ፤ መተማ ነው ይላሉ። ለአባቱ እስካሁን አልደወለም።

እኔ ዝምታ አይሆንልኝም፣ ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ ቃሉ እኮ ስለ ፖለቲካ አይደለም። የተነገረው እኔ በር ላይ ነው። አንድ ሰውዬ ጭነት ያቃተውን አህያውን ሲደበድብ እኛ እያየን ስንስቅ ነው ፈላስፋው የተናገሩት። ስለ አህያ ነው።»

ሳቅ ሆነ። ጠበቃ እንኳ እንደዚያ አይናገርም ብዬ በራሴ ኮራሁ። ሽማግሌው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ «እንግዲያ ልጄን ያሳሰረብኝ ስለ አህያ የተባለ ነገር ነዋ» አሉኝ። «ይኼ ያጽናናዋል ብለህ ነው?»

ተቀመጥሁ። አጠገቤ ያለው ሰው «አህያውስ አንተ ነህ» ብሎ ሹክ አለኝ።

ሙሴው ነገሩን ለቤቱ ሰጡት። አንዱ «ቃል ከአፍ ከወጣ የሰሚው ነው፣ ተናጋሪው ምን ያድርግ» አለ። ሌላው «እሳት ጭሮ የሄደ ሰው ጥፋቱን በነፋሱ ሊያሳብብ ነው?» አለ። እኔም «ቢላዋ የሠራ ቀጥቃጭ…» ብዬ ስጀምር ሙሴው በዓይናቸው አስቀመጡኝ።

ከዚያ ልጅቷ ተናገረች።

«ጋሼ፣ አባቴ ያን ቀን ስብሰባው ላይ ነበር። ከኋላ ተቀምጦ ልጅዎ የሱን ቃል ሲናገር ሰማ። ሲወስዱትም አየ። ተነስቶ 'ቃሉ የኔ ነው፣ ይኼን ማለቴም አልነበር' ሊል አሰበ። አልተነሳም። በስልክ ነው የነገረኝ። 'ልጄ፣ ዝም አልሁ' አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።»

ያኔ ነው የገባኝ። ፈላስፋው ወደ መጨረሻው ላይ ጽዋው ሲዞር ይሳለሙታል እንጂ አይቀምሱም ነበር። እኛ ጨጓራ ነው እንል ነበር። እንዲያውም ድርሻቸውን የምጠጣላቸው እኔ ነበርሁ፣ ጽድቅ መስሎኝ። ለካ በራሳቸው ላይ ራሳቸው ፈርደው ኖሯል።

ሽማግሌው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ለምን ለኔ አልነገረኝም?»

«ኋላ እንደነገረኝ ደጅዎ ድረስ መጥቶ ነበር። ውሻው ሲጮህበት ተመለሰ።»

«የኔ ውሻ ሰው አይነክስም።»

«ያውቅ ነበር» አለች።

ሽማግሌው ተነሱና ጽዋውን ከሙሴው እጅ ወሰዱ። ሊወረውሩት ነው ብዬ እኔ ጎንበስ አልሁ። ሄደው ልጅቷ ፊት ቆሙ።

«ያዢው። ይቅር ማለት የልጄ ነው፣ እኔ በሱ አፍ አልናገርም። ስትደግሺ ግን ጥሪኝ፣ እመጣለሁ።»

ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለችው። አላለቀሰችም። ጽዋውን ሳመችና ሸፍና ይዛው ወጣች፤ እኛም እስከ ቤቷ ሸኘናት።

በወሩ እሷ ቤት ጠጣን። ሽማግሌው መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ ጽዋው ሲደርሳቸውም ጠጡ። ስለ ፈላስፋው ክፉም ደግም አልተናገሩም። ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር።

አሁንም ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ ሂዱና ያን ቀን እዚያ ቤት የነበረውን፣ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። እኔ ስለተናገርሁት ነገር የማይሆን ሊያወሩላችሁ ይችላሉ፣ ምቀኛ መቼም አይጠፋም። ጽዋውን በእጁ የሰጣት ማን እንደሆነ ግን ጠይቋቸው። አንድ ሰው ከሽማግሌው ሌላ ስም ከጠራላችሁ፣ ያኔ ተመልሳችሁ መጥታችሁ ዋሾ በሉኝ።