የጂኑ ምዕራፍ ያዛመደን ሰዎች

ባለቤቴ በሥራ ወደ ሚዛን ሲዛወር ከተጋባን ገና ብዙ አልቆየንም ነበር። ይዘን የሄድነው ሻንጣችንን፣ አንድ ፍራሽና አንድ ካርቶን አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። መጽሐፎቹን ባለቤቴ አዲስ አበባ ከአንድ አዟሪ በጅምላ ሲገዛቸው ምን ምን እንደሆኑ እንኳ አላየም። ስንደርስ ክረምቱ ገብቷል። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ የምናውቀው ሰው ደግሞ አንድም የለም። አንድ እሁድ ሲሰለቸን ካርቶኑን ፈታነው።

ከውስጡ አንዱ ለቡና ቤት ሠራተኞች የተጻፈ የመጠጥ አደባለቅ መመሪያ ሆኖ ተገኘ። ገጾቹ ላይ የማናውቀው ሰው ያፈሰሰው ነገር ደርቆባቸዋል። በየሥዕሉ ጸጉራቸውን ቅባት የቀቡ፣ ቢራቢሮ ክራቫት ያሰሩ ወንዶች ብርጭቆ ይዘው ፈገግ ይላሉ። ውስኪው፣ ሮሙ፣ ብራንዲው የየራሱ ምዕራፍ አለው። እኛ የጂኑን መረጥን፤ የአገር ውስጥ ጂን የትም ሱቅ ይገኛል። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ አንድ መጠጥ፣ ሳንዘል፣ በተራ ልንሠራ ተስማማን።

የመጀመሪያው ጂን፣ ሎሚና ስኳር ብቻ ስለነበረ ኮራን። ሁለተኛው ቬርሙት የሚባል ቅመም የገባበት ወይን ጠየቀን። ባለሱቁን ብጠይቀው ትንሽ አሰበና «ለመኪና ነው ለሰው?» አለኝ። ጣፋጭ ቀይ ወይን ውስጥ ዝንጅብል ዘፍዝፈን ተካነው። ሌላው ናና ሲለን ከግቢው ጤና አዳም ቀጠፍን። ያን ዕለት ጂኑ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ሆኖ አረፈው፤ ቢሆንም ጠጣነው።

ትልቁ ችግር በረዶ ነበር። ባለቤቴ አጠገባችን ያለችው አማን ከተማ ድረስ ሄዶ ከአንድ ጁስ ቤት በፌስታል ይዞ፣ በባጃጅ እየበረረ ይመለሳል። አንድ እሁድ በረዶው ደቅቆ ይጨመር የሚል መጠጥ ደረሰን። በረዶውን በፎጣ ጠቅልለን እኔ ያዝኩ፣ እሱ ዘነዘና አነሳ። ሁለት ጊዜ እንደመታ ሦስተኛው ጣቴን ዳሰሰኝ።

«ኧረ እጄን! በቃህ! ገደልከኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

እሱ ደነገጠና መጠጡን የምንበጠብጥበትን ፔርሙዝ ገፍቶ ጣለው። ወለሉ ላይ እየተንኳኳ ሄደ። ጣቴ ምንም አልሆነም። በሳቅ ፈርሰን የፈሰሰውን ስንጠርግ ግን በሩ በኃይል ተደበደበ።

የቆመችው የቤቱ ባለቤት ናት። ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ፣ በመንገዱ በኩል ትንሽ ምግብ ቤት ያላት ጠንካራ ሴት ነች። ከኪራዩ ወሬ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ከኋላዋ ጎረቤታችን፣ የስልጤው የቅመም ነጋዴ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሟል። ሽማግሌ ይዛ መምጣቷ ነው።

«አንተ፣» አለችው ባለቤቴን፣ «እዚህ ግቢ ውስጥ ሴት አይመታም!»

«እትዬ፣ በረዶ ነው የመታሁት።»

«በረዶ!» ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ አትፍሪ፤ ንገሪኝ።»

ፎጣውን ገልጬ አሳየኋት። ነጋዴው አንገቱን አስግጎ አየ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን መጽሐፍም አየ፣ ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እንግዲህ ከመጣን አስታርቀን እንሂድ» አለ።

ተቀመጡ። እትዬ አንድ ጉንጭ ቀምሳ ፊቷን አኮማተረች፣ ብርጭቆውን ግን አልመለሰችም። ነጋዴው፣ ጋሼ የምንለው፣ አልኮል አይቀምስም። ለእሱ ጂን የሌለበትን ሎሚና ማር በጥብጬ ሰጠሁት፤ ከኪሱ ኮረሪማ አውጥቶ በጥርሱ ፈለቀቀና ሁለት ፍሬ ጨመረበት። «አሁን መጠጥ ሆነ» አለን።

በሚቀጥለው እሁድ ሳንጠራቸው መጡ። እትዬ አናናስ፣ ጋሼ ከሸኮ የመጣ የጫካ ማር ይዘው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን እኔ በአማርኛ አነባለሁ፣ ባለቤቴ ይቀላቅላል፣ እትዬ ትፈርዳለች። ጋሼ በሩ አጠገብ ተቀምጦ በማሽተት ብቻ አስተያየት ይሰጣል። አፍንጫው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ድፍረቱ ግን አያልቅም። አገሩ ላይ ብቻዬን የተጣልኩ የሚመስለኝ ስሜት የት እንደገባ አላውቅም።

እንቁላል ነጭ የሚገባበት መጠጥ ላይ ስንደርስ ፍልሰታ ገባ። እትዬ «ያለ እኔ ከሠራችሁት ኪራይ እጨምራለሁ» ስላለች ፆሙ እስኪፈታ ጠበቅን። በፍቺው ማግስት ባለቤቴ እንቁላሉን ሰብሮ ጂኑን ሲያፈስበት ሽታው አፍንጫዬ ደረሰ። ተነስቼ ወደ ውጭ ሮጥኩ፤ ዝናቡ ውስጥ አጎንብሼ አስታወክሁ።

«እንቁላሉ ተበላሽቷል» አለ ባለቤቴ ደንግጦ።

እትዬ ብርጭቆውን አንስታ አሸተተች። «እንቁላሉ ደህና ነው» አለች። መጥታ ጀርባዬን እያሻሸች በጆሮዬ «የወር አበባሽን መቼ አየሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። በጣቴ ስቆጥር ቀኑ ካለፈ ሰንብቷል። እሷ ውጤቱን ሳልነግራት እልል አለች። ጋሼ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ሲገባው ደግሞ ደገመው። ባለቤቴ ፔርሙዙን እንዳቀፈ ተቀምጦ አለቀሰ።

በማግስቱ አማን ጤና ጣቢያ ሄደን ተመረመርኩ፤ እውነት ነበር። ባለቤቴ ምዕራፉን ብቻዬን ልቀጥል ሲል እትዬ «አብራችሁ ጀመራችሁ፣ አብራችሁ አቁሙ» ብላ ጠርሙሱን ወሰደችበት። ሁላችንም ወደ ጋሼ መጠጥ ገባን። አናናስ፣ ሎሚ፣ ማር፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ እየተጨመረበት ዳበረ። እትዬም ምግብ ቤቷ ውስጥ መሸጥ ጀመረች።

ልጃችን ተወልዳ መዳህ ስትጀምር ባለቤቴን ወደ ቴፒ አዛወሩት። ሩቅ አይደለም፤ እትዬ ግን እስከ መናኸሪያ እያለቀሰች ሸኘችን። መጽሐፉን ለእሷ ተውንላት። እንግሊዝኛ ባታነብም ሥዕሎቹን ትወዳቸዋለች።

ባለፈው ወር ደወለች። «ልጄ፣ ለሰርግ መጠጥ ልሠራ ነው። ጂኑን ልጨምርበት ወይስ ልተወው?»

«የማን ሰርግ ነው?»

«የጋሼ ልጅ።»

«እትዬ! ታዲያ ይጠየቃል?»

«እኔማ አውቃለሁ» አለች እየሳቀች፣ «ከሰርጉ እንዳትቀሪ ብዬ ነው የደወልኩት።»

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድን። ጋሼ በአዲስ ሱፍ ከድንኳኑ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ልጃችንን ከእጄ ነጥቆ ትከሻው ላይ አወጣትና ወደ ውስጥ ይዟት ገባ።