አራቱም የሄዱበት ባንድ

ልብስ ሰፊው በሰፈሩ «ነጎድጓድ» ይባላል። ድምፁ ግን የትንኝ ያህል ነው፤ ደንበኛ «ሱሪው አጠረኝ!» ብሎ ሲጮህበት እንኳ «እስቲ ትንሽ ወደ ታች ሳብ ያድርጉት» ከማለት በቀር ሌላ አይወጣውም። ስሙ የወጣለት ከወጣትነቱ ጀምሮ ነፍሱን ከሰጠው የሮክ ባንድ ነው። ባንዱም ነጎድጓድ፣ እሱም ነጎድጓድ። ከሁለቱ ሳይለወጥ የቆየው እሱ ብቻ ነው።

ሌላው ሰው ዘመኑን በዓመተ ምሕረት ሲቆጥር እሱ የሚቆጥረው በጊታር መቺ ነው። ያገባው በመጀመሪያው ጊታር መቺ ጊዜ ነው። ልጁ የተወለደችው በሁለተኛው ማብቂያ ላይ ነው። የሱቁ ጣሪያ ማፍሰስ የጀመረው ደግሞ ሦስተኛው ገብቶ ወንበሩ ሳይሞቅለት በወጣበት ክረምት ነው። ሚስቱ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ልጃቸው መቼ እንደተከተበች ስትጠይቀው «ኪቦርድ የጨመሩ ሰሞን» ብሎ ስለመለሰላት፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ቀን ጠይቃው አታውቅም።

ባንዱን የጀመሩት አራት ጎረምሶች ነበሩ። መጀመሪያ የወጣው ቤዝ ጊታር መቺው ነው፤ አገባ፣ አማቱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሰጡት፣ ጥበብም በዚያው በፍሬን ሸራ ተለወጠች። ቀጥሎ ድምፃዊው «ብቻዬን ልብረር» ብሎ ወጣ። በረረ፤ ሩቅ ሳይሄድም አረፈ። «የቤተሰብ ጉዳይ ነበረብኝ» ብሎ ሲመለስ ሕዝቡ አልሸሹም ዞር አሉ ብሎ አጨበጨበለት፤ ጭብጨባው ሳያልቅ እንደገና ወጣ። ሊድ ጊታር መቺው የጥርስ ሐኪም ሆነ። ምን ነካህ ሲሉት «ሰው ፊቴ አፉን ከፍቶ ሲጮህ ለምጄዋለሁ» አለ አሉ። የቀረው ከበሮ መቺው ብቻ ነበር፤ እሱንም ሥራ አስኪያጁ አሰናበተው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከበሮ መቺው መባረሩን የሰማው ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ፣ ከሬዲዮ ነው።

ልብስ ሰፊው በእያንዳንዱ መሰናበቻ ከልቡ አዘነ። ድምፃዊው ለሁለተኛ ጊዜ የወጣ ዕለት የአንድ ሙሽራ ኮት ሲሰፋ የግራውን እጅጌ በቀኝ ገጠመው። ሙሽራው ሠርጉን ሙሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሰልፍ እንደሚጎበኝ የጦር አዛዥ ሲንጎራደድ ዋለ። ያም ሆኖ ልብስ ሰፊው አንድም ዝግጅት አምልጦት አያውቅም። ሁልጊዜም ሁለት ቲኬት ይገዛል፤ አንዱ ለሚስቱ ነው። ሚስቱም ሁልጊዜ ራሷን ያማታል።

«እስቲ ልጠይቅህ፤» አለችው አንድ ቀን እራት ላይ። «የአንድ ሸሚዝ አንገቱ ተቀየረ፣ እጅጌው ተቀየረ፣ ጀርባው ተቀየረ፣ ቁልፉም ተቀየረ። የድሮው ምኑ ቀረ?»

ልብስ ሰፊው ጉርሻውን እስኪውጥ አሰበ። «የቁልፉ ቀዳዳ» አላት።

«በል እንግዲህ ቀዳዳህን ልበስ!»

ታዲያ ባንዱ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ባለበት ሳምንት አንድ ግዙፍ ሰው ጥቁር ሱሪ በፌስታል ይዞ ሱቁ ገባ። ወገቡ እንዲሰፋለት ፈለገ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ስፌቱን ገልብጦ ሲያይ፣ ሰውዬው ሰለቸውና መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጣቶቹ ይመታ ጀመር። ልብስ ሰፊው ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። የመጀመሪያው ካሴት መክፈቻ ነው፤ ፊቱን ውፍረት ቢደብቀውም ጣቶቹ አልተለወጡም!

«ከበሮ መቺው!» አለ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «የነጎድጓድ ከበሮ መቺ!»

«ነበርኩ፤» አለ ሰውዬው። «አሁን የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። እንደውም እዚያ ነው ጩኸቱ።»

«ሱሪው ለበዓሉ ነው? የክብር እንግዳ ነዎት?»

«ማን ጠርቶኝ! እንዲያው ድንገት ከጠሩኝ ብዬ ነው። ላም አለኝ በሰማይ በለው።»

ልብስ ሰፊው ሱሪውን እዚያው እያለ ሰፋለት። ትርፍ ጨርቁ ስላልበቃ ከኋላ ጥቁር ጥብጣብ ጨመረበት፤ ከዚያም ትርፉን ቲኬት እንደ ሜዳሊያ በሁለት እጁ ሰጠው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በር ላይ ደረሱ። ልብስ ሰፊው ከቤቱ ጀምሮ ሲለማመደው የመጣው ንግግር ነበረው። ቲኬት የሚቆርጠው ጎረምሳ ፊት ቆመና ደረቱን ነፋ።

«ይሄ ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ቲኬት አለው?»

«አለው፤ ግን ማን እንደሆነ—»

«ካለው ይግባ፣ ፋዘር። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ገቡ። መድረኩ ላይ አራት ወጣቶች ወጡ። ነጎድጓድ ሲመሠረት እናቶቻቸው ራሳቸው ገና ተማሪ ነበሩ። ድምፃዊው ማይኩን ያዘና ፊቱን አኮሳተረ።

«ይህን ታላቅ ባንድ አቋቁመው ላለፉት አባቶቻችን፣ እባካችሁ፣ አንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት።»

አዳራሹ ግልብጥ ብሎ ተነሣ። ከበሮ መቺውም ተነሣ። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ፤ እንደማንኛውም ሐዘንተኛ አንገቱን ደፋ። ልብስ ሰፊው ደሙ ፈላ። አንዱ ፍሬን እየሸጠ፣ አንዱ ጥርስ እየነቀለ፣ አንዱ እዚህ አጠገቡ ቆሞ እያላበው፣ እነዚህ ልጆች አራቱንም በአንድ ማይክ ቀበሯቸው! «አልሞተም!» ሊል አፉን ሲከፍት ከበሮ መቺው ክንዱን ጨመቀው።

«ዝም በል፤» አለው በሹክሹክታ። «ስባረር አንድ ሰው አልቆመልኝም፤ አሁን ይሄ ሁሉ ሕዝብ ቆሟል። ቀብሬን አታበላሽብኝ።»

ከዚያ ዘፈኑ ጀመረ። ከበሮው ጋ የተቀመጠችው አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ስትመታው ግን ወለሉ በጫማ ሥር ዘለለ። ልብስ ሰፊው የጓደኛውን ፊት ሰረቅ አድርጎ አየ። ንቀት ነበር የጠበቀው።

«እንዴት አገኘሃት?»

«ከእኔ ትበልጣለች።»

«አትበል እንጂ!»

«ምን ላድርግ? ትበልጣለች።»

«የዚያን ቀን መብራት ሲጠፋስ? ሌሎቹ ሲያቆሙ ብቻህን በጨለማ እየመታህ መብራት እስኪመጣ ያቆየኸን?»

ከበሮ መቺው ሳቀ። «ዱላዎቹን የት እንደማስቀምጥ አልታየኝም ነበር። ባቆም ደግሞ ሕዝቡ ወንበር ይወረውርብናል ብዬ ፈራሁ።»

ልብስ ሰፊው ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተለትን ሰው ከራሱ ከሰውዬው ሊያድነው ሞከረ፤ አልሆነም። ሰው በቁሙ ራሱን ሲክድ ምን ይባላል? ዝግጅቱ እስኪያልቅ አኩርፎ ተቀመጠ።

ካለቀ በኋላ ግን ልጅቱ የላብ ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጥላ በጎን በር ስትወጣ እግሩ ሳያማክረው ወሰደው። ከበሮ መቺውን በክንዱ እየጎተተ እፊቷ ቆሞ፣ ያችን በር ላይ የከሸፈች ንግግር በአንድ ትንፋሽ ለቀቃት። ልጅቱ ግዙፉን ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ውይ! እርስዎ አልሞቱም እንዴ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ልጄ።»

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፈረችና ሁለት እጇን ዘረጋችለት። «የመጀመሪያውን ካሴት እየሰማሁ ነው የተማርኩት። ስለ ሞት ያወራነውን ይቅር ይበሉን፤ ሥራ አስኪያጁ ጽፎ የሰጠን ነው።» እጁን ይዛ ወደ ከበሮው ወሰደችው። ከበሮ መቺው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሱሪው ተንጣጣ፤ ጥብጣቡ ግን ቻለው። መታ። መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ ተሳሳተ፣ ከዚያ ያቺ የድሮዋ መክፈቻ መጣችና ባዶውን አዳራሽ ሞላችው። ልብስ ሰፊው ዓይኑ ውኃ ሞላ፤ የመድረኩ አቧራ ነው ይላል። ወዲያው አንድ ሠራተኛ መጥቶ «ፋዘር፣ ይበቃል፤ ዕቃ እንጭናለን» አለና ትልቁን ከበሮ ከፊቱ አንሥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ከበሮ መቺው ተማሪዎቹን ትምህርት ቤት አድርሶ በመልሱ ሱቁ ጎራ ይላል። የልብስ ሰፊው ሚስት ከባሏ ይልቅ ወደደችው፤ በባንዱ ላይ የሚያሾፍላት ሰው አገኘች። እሱም ሮክ ከድሮም ራሱን እንደሚያመው፣ የሚወደው አኮርዲዮን እንደሆነ ሲነግራት በሳቅ ፈረሰች። ልብስ ሰፊው ይህን ላለመስማት የስፌት መኪናውን አጥብቆ ይረግጣል።

በክረምቱ መግቢያ ግን ሬዲዮው ከበሮ መቺዋ ልጅ ነጎድጓድን ለቅቃ የራሷን ባንድ ልታቋቁም መሆኑን ተናገረ። ልብስ ሰፊው በልምዱ ሊያዝን ካውያውን አስቀመጠ። ከበሮ መቺው ቀደመው፤ ከበርጩማው ተነሥቶ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ።

«ያለ እሷ ይሄ ምኑ ባንድ ነው? ሌቦች! እንዲህ ያለች ልጅ እንዴት ይለቃሉ?»

«ተረጋጋ፤» አለው ልብስ ሰፊው፤ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ በርቷል። «አዲሷን እስክናይ እንታገሥ።»

«አዲሷን አላይም! እኔ የማውቀው እሷን ነው!»

መጋረጃዋን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ በሩ ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ማንም አልሰማትም፤ ሁለቱ ሽማግሎች የልጅቱ አዲስ ባንድ ዝግጅት የት ይሆን በሚለው ላይ ገና መከራከር መጀመራቸው ነበር።